ደንበኛ የማይገባበት ሽቦ

እናቴ «አንቺ እኮ ጡት እንኳ ሳታሸቺ አትጠቢም ነበር» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ጠርጣራ ነኝ፤ አላፍርበትምም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማችሁም? በዚያ በደርግ ዘመን ነቀምቴ ስልክ ቤት ተቀምጦ፣ የአገሩ ወሬ ሁሉ በጆሮው እያለፈ ሳይጠረጥር የኖረ ካለ፣ ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ራሱ ጆሮ ጠቢ ነው።

አባቴ ከጎጃም በወታደርነት የመጣ ሰው ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን ተወልደን ያደግነው እዚያው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ የሚባለው ሰፈር ነው። አማርኛው የቤት፣ ኦሮምኛው የደጅ ቋንቋችን ነበር። ስልክ ቤት የቀጠሩኝም በሁለቱም ቋንቋ መሳደብ ስለምችል ነው እያልኩ እቀልዳለሁ።

ሥራዬ ቴሌፎኒስት ነው። የከተማው ደንበኛ ሁሉ ሽቦው መጥቶ የሚያልቀው እኔ ፊት ባለው ሳጥን ላይ ነበር። አንዱ ሲደውል የቁጥሩ ክዳን ጠብ ትላለች፤ ገመዴን እሰካና «አቤት፣ ማንን ላገናኝዎ?» እላለሁ። አዲስ አበባ የሚፈልግ ከሆነ ድምፁ በሲሬ፣ በአኖ፣ በባኮ አድርጎ በእንጨት ምሰሶ ላይ በተዘረጋው ሽቦ ይሄዳል። አኖ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስልክ ቤቷም አንዲት ክፍል፣ ሠራተኛዋም አንዲት ሴት። መንገድ ላይ ስላለች ግን የእኛን ጥሪ ተቀብላ የምታሻግረው እሷ ነበረች። እኔ ብወድቅ አኖ የእኔን ሥራ ትይዛለች፤ አኖ ብትወድቅ እኔ የእሷን እይዛለሁ። አንዳችን ለአንዳችን መጠባበቂያ ነበርን።

ለዚህ ተብሎ አንድ ለብቻው የሆነ ሽቦ ነበረን። ደንበኛ አይገባበትም። አስተዳዳሪም ቢሆን፣ ነጋዴም ቢሆን በእሱ ሽቦ ላይ አይናገርም። የእኔና የአኖዋ ሴት ብቻ ነው። በየሰዓቱ ከአኖ ሁለት ጊዜ ይደወላል፤ እኔም እጀታዋን አሽከርክሬ ሁለት ጊዜ እመልሳለሁ። «ጅርታ?» ትለኛለች፤ አለሽ ወይ ማለት ነው። «ጅራ» እላለሁ፤ አለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ቃልም አያስፈልግም ነበር፣ ሁለቱ ደወል ይበቃል።

ይህ ሽቦ ደግሞ ራሱ ሁለት ነበር። አንዱ ከደንበኞች ሽቦ ጋር በመኪና መንገዱ ምሰሶ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ከኮረብታው በስተጀርባ፣ በድሮው የበቅሎ መንገድ በቆሙት አሮጌ ምሰሶዎች። ለምን ሁለት አስፈለገ? በመከራ የተማርነው ነገር ነው። ገና አንድ ብቻ በነበረን ጊዜ ሽቦው ይበጠስና እኔ አኖ ሞተች እላለሁ፣ አኖ ደግሞ ነቀምቴ ሞተች ትላለች። ሁለታችንም «አይዞህ ሕዝቤ» ብለን የአዲስ አበባውን መስመር እንይዛለን። ጉድ ፈላ! አስተዳዳሪው አንድ ነገር ሲያዙ የባኮ ቡና ነጋዴ «ጆንያው አልደረሰም» ይላቸዋል። «ማነህ አንተ?» «አንተስ ማነህ?» ስድብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው የመስመር ሠራተኞች አለቃ መጡና ሁለተኛውን ሽቦ አዘርግተው አንድ ደንብ ሰጡን። «ዝምታ ሞት አይደለም፣» አሉኝ፤ «በአንደኛው ዝም ካለችሽ በሁለተኛው ጠይቂ። በሁለቱም ዝም ካለች ያን ጊዜ ልቅሶ ተቀመጪ።»

የአኖዋን ሴት አዴ ነበር የምላቸው፤ በእኛ አገር ለተከበረች ሴት እንዲህ ነው የሚባለው። ድምፃቸውን ከእናቴ ድምፅ ባልተናነሰ አውቀዋለሁ። ከመናገራቸው በፊት ትንሽ ሳል አላቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ ወዲህ መዝሙራቸውን በአፍንጫቸው ያዜማሉ፤ ደንበኛ ሲደውል ያቆሙታል። በደወል ነገር ግን ቀልድ አያውቁም። አንዳንዴ እጄ ስቶ ሦስት ጊዜ ከደወልኩ፣ እሳቸው ሁለት ብቻ ይመልሱና «ኢንተሎ፣ የእኛ ሁለት ነው፤ ሦስት የሌላ ሰው ነው» ይሉኛል። ኢንተሎ ልጅት ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። አትሳቁ። አንዳችን ከወንበራችን ስንነሳ ሌላኛዋ መቀመጥ አለባት፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እኔ አኖ ብሄድ እሳቸው ነቀምቴን ይዘው ከሥራቸው ቀና አይሉም፣ እሳቸው ቢመጡ እኔ ወጥቼ አልቀበላቸውም። «ለበዓል እንገናኛለን» እንባባላለን፤ በዓሉም ያልፋል፣ እኛም አንገናኝም።

ወንድሜ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ስሙ ከፀረ አብዮተኞች ጋር ተነበበ። ያን ጊዜ ስምህ ተነበበ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነበረ ያውቀዋል። ደግነቱ እሱ ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ እናቴ ደግሞ ይህን ሳታይ አርፋለች። እኔ ሮጬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ደንበኛ በማይገባበት ሽቦ ደወልኩ።

«አዴ፣ አንድ የታመመ ዘመድ አለኝ። አየር ለውጥ ተብሏል» አልኳቸው።

እንደ ልማዳቸው ሳሉ። «አኖ አየሩ ደህና ነው። ላኪው።»

አልጠየቁኝም። ምን ሆነ፣ ማን ይፈልገዋል አላሉም። ወንድሜ ጨው በጫነ መኪና ሄደ፤ አኖ ደግሞ የአዴ የታመመ የእህት ልጅ ተብሎ ተኛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ደወል ለእኔ ሌላም ትርጉም ነበረው። በየሰዓቱ ወንድሜ አለ፣ ወንድሜ አለ ይለኛል። ደወሉ ትንሽ ከዘገየ እጀታዋን ቀድሜ አሽከረክራለሁ።

በዚህ ላይ ደግሞ የሱቁ ሰውዬ! ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌ ጎረቤት ነበረኝ። ዱካውን ደጁ ላይ ያወጣና ይቀመጣል። ስወጣ ያየኛል፤ ስገባ ያየኛል። ሰው ሁሉ ማየት የፈራ በነበረ ጊዜ ይህ ሰውዬ ምን ቤት ነው እንዲህ የሚያየው? አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ብገባ «ወንድምሽ ደህና ነው? ጠፋ እኮ» አይለኝም! «ደህና ነው ጋሼ» አልኩና ሳሙናውን ረስቼ ወጣሁ። ማታ ለራሴ፣ ይህ ሰው የቀበሌ ጆሮ ነው፣ አለቀ ደቀቀ፣ ብዬ ፈረድኩ። ከዚያ ወዲህ መጋረጃ ገልጬ እሱን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ።

ኋላ ደግሞ ስልክ ቤት አንድ ካድሬ ተመደበብን። ወጣት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣ፣ ኦሮምኛ የማይሰማ። ሥራው እኛን ማንቃት ነው ተባለ። ከበስተኋላዬ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ሻይ ይጠጣል። በመጀመሪያው ቀን የአኖ ደወል ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ እኔም መለስኩ።

«ማነው?» አለኝ።

«አኖ ነው ጓድ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምንም።»

«ምንም ለመባባል ነው በየሰዓቱ የምትደዋወሉት?»

ላስረዳው ሞከርኩ። መጠባበቂያ፣ አለሁ አለሁ መባባል፣ አንዱ ሲወድቅ አንዱ እንዲያነሳ። ባስረዳሁት ቁጥር ዓይኑ እየጠበበ ሄደ። እውነት ለመናገር አልፈርድበትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። ማንም የማይሰማው ሽቦ፣ ቃል የሌለው መልእክት! ሁለተኛው ሽቦ መኖሩን የሰማ ዕለት ደግሞ ብድግ አለ።

«ሰፊው ሕዝብ አንድ ሽቦ እንኳ ደጁ አልደረሰም፤ እናንተ ምንም ለመባባል ሁለት ደብቃችኋል! ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!»

እንግዲህ ዘመኑ ትርፍ ነገር ያለው ሁሉ አሻጥረኛ የሚባልበት ነው። ጨው በጓዳው ያስቀመጠ፣ ጨርቅ ያስቀመጠ፣ ሽቦ ያስቀመጠ። «ጓድ፣ ይህ እኮ ትርፍ አይደለም፣ መጠባበቂያ ነው» አልኩት። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለኝ። የመስመር ሠራተኞች ታዘዙና የአሮጌውን መንገድ ሽቦ ጠቅልለው አመጡት። አደባባይ ላይ ለሚሰቀለው የድምፅ ማጉያ ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት መፈክር ስሰማ የኔ ሽቦ ነው የሚጮኸው እያልኩ አንጀቴ ያርር ነበር።

አዴ የሆነውን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ሳሉ። ካድሬው ሻይ ሊያመጣ የወጣበትን ጊዜ ጠብቄ ነበር የነገርኳቸው።

«እንግዲህ አንድ ቀረን፣» አሉ። «ስሚ፣ የእኔ ዝም ካለ እኔ የለሁም ማለት ነው፤ አንቺ መጥተሽ ልጁን ውሰጂው። ያንቺ ዝም ካለ ደግሞ አንቺን ወስደውሻል ማለት ነው፤ ተገርፈሽ አኖን ሳትናገሪ በፊት እኔ ከዚህ አነሳውና ቤትሽ አመጣዋለሁ።»

«ቤቴ? እኔን ከያዙ ቤቴን ይፈትሹት የለም እንዴ?»

«የተፈተሸ ቤት ዳግም አይፈተሽም።»

እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም የሚለው ነገር ነበር። እሺ አልኩ። ዕድሜያችንን በሽቦ የጨረስን ሁለት ሴቶች፣ ሽቦ ሲበጠስ ለሁለቱም ወገን እኩል ዝም እንደሚል አላሰብንም! አስተዳዳሪውንና ቡና ነጋዴውን ያሳደበው ያ ነገር በእኛው በራሳችን ላይ እንደሚመጣ እንዴት አይታየንም? ፍርሃት አይገባኝም የሚል ሰው ይህን ይስማ፤ ፍርሃት የሚያውቁትን ሙያ ያስረሳል።

አንድ ቀን ካድሬው ሻዩን እያማሰለ «ያቺ የአኖዋ ሴትዮ ጴንጤ ናት አይደል?» አለኝ። «እኔ ምኗን አውቄ ጓድ፣ ድምፅዋን ብቻ ነው የማውቀው» አልኩት። በማግስቱ ጧት ወደ ሥራ ስመጣ አንድ ላንድሮቨር ታጣቂዎች ጭኖ በምሥራቁ መንገድ ሲወጣ አየሁ። ሰዓቱ ደረሰ። ደወል የለም። እኔ ደወልኩ፤ እጀታው ባዶ ጎማ ሲዞር እንደሚለው ዝው አለብኝ። የደንበኞቹም ሽቦ በዚያ በኩል ዝም ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምሰሶ ወደቀ እል ነበር። ግን ፍተሻ ያለ ዕለት መጀመሪያ ስልክ እንደሚዘጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ዝጊ ተብዬ የዘጋሁት እኔው ነኝ። ላንድሮቨሩ፣ የካድሬው ጥያቄ፣ ዝምታው። በቃ፣ አዴን ወሰዷቸው አልኩ። በሁለተኛው ጠይቂ የሚለው ደንብ ትዝ አለኝ፤ ሁለተኛው አደባባይ ላይ መፈክር ያሰማል።

የሚቀጥለውም ሰዓት እንዲሁ አለፈ። ተነሳሁ። ካድሬውን «ወባዬ ተነሳብኝ ጓድ» አልኩት፤ እውነትም እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ሌላ ቴሌፎኒስት ስለሌለ ሳጥኑ ሰው አልባ ቀረ። «ማን ያገናኝ ታዲያ?» እያለ ሲጮህ ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ምሰሶዎቹ መንገዱን ለቀው ጫካ የሚያቋርጡበት ቦታ አለ፤ ምስጥ የበላው ምሰሶ የወደቀው እዚያ ውስጥ ኖሯል። ከአውቶቡስ መስኮት ምን ይታያል?

ሲሬ ኬላ ላይ ገመዱ ተዘርግቶ አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። አስወረዱን። ከወዲያኛው ጎን ከአኖ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ቆሟል። ጭነቱ ላይ ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ጠና ያለች ሴት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ሰው እስከ ራሱ ጋቢ ተሸፋፍኖ ተጋድሟል። ጠባቂው ጋቢውን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ ሴትየዋ በምልክት ግንባሯን ነካች፣ ከዚያም የሹፌሩ ድምፅ ተሰማ። «ተስቦ ነው ጌታዬ፣ ሆስፒታል ነው የሚሄደው!» ጠባቂው እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ዘለለ። እኛም ገመዱ ወዲህ ያለን ሁሉ ተስቦ ሲባል ሸሸን። እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ።

ሴትየዋ ትኩር ብላ እያየችኝ ነበር። ከሰው ሁሉ መርጣ እኔን! ምን አየችብኝ? ነጠላዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። አሁንም ታየኛለች። ይህቺማ ጆሮ ናት፣ በሽተኛ አስመስላ የምትጓዝ ሰላይ ናት አልኩ በልቤ። ፊቴን አዞርኩባት። ትንሽ ቆይቼ በጎን ብሰርቅ ጃንጥላዋን ዘርግታ ፊቷ ላይ ደፍታዋለች። ይኸው፣ ማወቄን አወቀች አልኩ። ገመዱ ተነሳ፤ መኪናው ወደ ነቀምቴ፣ አውቶቡሱ ወደ አኖ ተላለፉ። እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ።

አኖ ስደርስ የአዴ ቤት ቁልፍ ነው። ስልክ ቤቱ ግን ክፍት ነበር፤ ዘበኛው ደጁ ላይ ተቀምጧል። «አዴ የታሉ? ወሰዷቸው?» አልኩት።

«ማን ይወስዳቸዋል? የታመመውን ልጅ ነቀምቴ ሆስፒታል ይዘው ሄዱ እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«ሽቦው ከጠፋ በኋላ።»

ገብቼ የአዴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትራሷ ገና የእሳቸውን ቅርፅ ይዛለች። የኔ ቤት አልተፈተሸም፤ ቁልፉም ኪሴ ነው። ወንድሜን በሚያውቀው ሰፈር፣ ዝግ ደጅ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ያ ዓይኑን የማይነቅለው ሰውዬ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሻል እንዲህ ነው። አለቀስኩ፤ ዘበኛው ውሃ አመጣልኝ፣ አልጠጣሁም። ምን እንደገባበት ማን ያውቃል?

ከቀትር በኋላ የመስመር ሠራተኞች የተበጠሰውን ቀጥለውት ኖሮ የዚያ ሽቦ ክዳን ጠብ አለች። ሁለት ደወል።

«ጅርታ?» የሚል ድምፅ። ሳል ቀድሞታል።

«ጅራ! አዴ፣ የት ነዎት?»

«ካንቺ ወንበር። ደንበኛው ሲጮህ፣ ጓዱ ሲጮህ ደረስኩ፤ ቴሌፎኒስት ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። አንቺስ?»

«ካንቺ…» አልኩ ከመደንገጤ የተነሳ አንቱታውም ጠፍቶብኝ፤ «ከእርስዎ ወንበር።»

አንዷ ስትወድቅ አንዷ እንድትቆም ተብሎ ነበር፤ ሳንወድቅ ሁለታችንም ተነስተናል። ከበስተኋላቸው የካድሬው ድምፅ ይሰማል። አዴ የሥራ ድምፅ አወጡ። «ባኬ ጃማ አይመልስም። በሩ ዝግ ነው። ዕቃው ደጅ ላይ ነው።»

ማንን ልጥራ? በዚያ ሰፈር ስልክ ያለው አንድ ሰው ነው፣ እሱም የሱቁ ሰውዬ። ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት አለ ሰውዬው። «ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ይስጡኝ» አልኩ። በደንበኞቹ ሽቦ ሲሰኩት ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ጎረቤትዎ። ደጄ ላይ ዕቃ አስቀምጠውብኝ ነበር…»

«ደጅሽ ላይ? ደጅሽ ላይ ምንም የለም።»

አስረከበው። በቃ አስረከበው።

«የጧቱን ከሆነ የምትዪው፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጓዳ አስገብቼዋለሁ። ምነው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ደጅ ይጣላል? ባለቤቴ አጥሚት እያጠጣችው ነው።»

እግዜር ያሳያችሁ፤ ዕቃ አጥሚት ሲጠጣ! ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ ልቆጣው ነው? ሁሉም መጣብኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩ።

አዴ ሰምተዋል፤ ቴሌፎኒስት ምን ያመልጠዋል። በኦሮምኛ፣ በሹክሹክታ፣ «ሲሬ ላይ አፍንጫሽን የያዝሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ጃንጥላውን የደፉት እርስዎ ነዎት?»

«ጆሮ መስለሽኝ!»

«እኔም እርስዎ መስለውኝ!»

ሳቁ። ሳቃቸውን ሳል ቆረጠው። ሲሬ ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ አንድ እህ ብለው ቢስሉ ኖሮ በዚያ የኬላ ገመድ ላይ ተንጠልጥዬ እስማቸው ነበር። ገና ልናገር ስል ካድሬው ከኋላ «ለመሆኑ አንቺ ከየት ነሽ?» ሲላቸው ሰማሁ። «ከአኖ ነኝ ጓድ» አሉ፤ ፊት ለፊት ሲጠየቁ መዋሸት አይሆንላቸውም። «አኖ ላይ ታዲያ ማን ነው የሚያናግርሽ?» ከዚያ ሽቦው ላይ ጓ የሚል ድምፅ ብቻ።

በማግስቱ ስመለስ አዴ ታስረዋል፤ የአብዮቱን ሥራ ጥሎ መሄድ በሚል። እኔም ጥያለሁ፣ እኔ ግን ወባ ነበረብኝ፤ ደግሞም ሁለታችንንም ቢያስሩ ካድሬው ከአለቆቹ ጋር ማን ያገናኘዋል? በስብሰባ ፊት ራሴን ነቀፍኩና ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ወንድሜን የሱቁ ሰውዬ የአጎት ልጁ ነው ብሎ በጭነት መኪና ወደ ጉራጌ አገር ላከው። ተርፏል፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አለው።

ላመሰግነው ሱቁ ገባሁ። ያ ተፈጥሮዬ አይተወኝማ፣ «ጋሼ፣ ለምን አስገቡት ግን?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ፣» አለኝ ሚዛኑን እያጸዳ። «በመጋረጃ ስትሰልይኝ የማላይሽ መሰለሽ? ስልክ ቤት ውላ የምትገባ፣ የሰው ወሬ በጆሮዋ የሚያልፍ! የቀበሌዋ ጆሮ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር ዱካዬን አውጥቼ የምጠብቅሽ።»

«ታዲያ የጆሮ ወንድም መሆኑን እያወቁ…»

«ፀሐይ ላይ የተቀመጠ በሽተኛ ነው። የማን እንደሆነ ልጠይቀው ኖሯል?» አለና ሳሙናዬን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

አዴ በኋላ ተፈተዋል። ከወህኒው በቀጥታ ጊምቢ በኩል ልጆቻቸው ጋ ሄዱ፤ ደጄን የረገጡ እንደሆነ ዓይን ይዘውብኝ እንዳይመጡ ብለው ሳይሰናበቱኝ። ስለዚህ በሕይወቴ ያየኋቸው አንድ ጊዜ፣ ሲሬ ላይ ነው፤ ያን ጊዜም አፍንጫዬን ይዤባቸዋለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

እስር ላይ ሳሉ ስንቅ አመላልስ ነበር። ስንቁን በር ላይ ይቀበሉና ባዶ ሳህን ይመልሳሉ፤ እስረኛ አይታይም። ምግቡን እሳቸው ይብሉት፣ ዘቦቹ ይብሉት፣ ይኑሩ ይሙቱ፣ በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን በግንቡ ሥር ቆሜ የሳህኑን ክዳን ሁለት ጊዜ መታሁ። ከውስጥ አንድ ሰው ጣሳ ሁለት ጊዜ መታ።

አሉ አልኩ። ወዲያው ግን ጥርጣሬዬ መጣ። የተራበ እስረኛ ሁሉ የሰማውን ይመታል፤ የበር ጠባቂውም ሊቀልድብኝ ይችላል። በማግስቱ ሄጄ ዘቡ «ምንድን ነው የምታንኳኪው?» ሲለኝ «ክዳኑ አልገጥም ብሎኝ ነው» አልኩና ክዳኑን ሦስት ጊዜ መታሁ። ማንም ሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ይመልሳል ብዬ ግንቡ ላይ ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅሁ።

ከውስጥ ሁለት ተመታ።